የመኪናችንን አፍንጫ እንዴት እንዳጠብኩት

ለምወድህ፣ ደግሞም ለተቆጣሁህ ወንድሜ፣

ይህ ወረቀት ከእጄ ወጥቶ እጅህ እስኪገባ ያለውን ቀን ሁሉ ጨምሬ እንደምን ሰነበትክ እልሃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ ስታስል ሰምቼህ ነበር፤ ሳሉ ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ «ምንም አይደል» ብለህ ተኝተህበታል? ባለቤትህስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ቻለ? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን ያዘች? ትንሹስ አሁንም ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ነው የሚያደርገው? እኔ ደህና ነኝ። እጄ ላይ ያለው የሳሙና ቁስል አንድ ቀን ይሽራል፣ አንድ ቀን ይከፈታል፤ እሱን ከሕመም አልቆጥረውም።

በስልክ መንገር የምችለውን ለምን በወረቀት እንደምጽፍ ትገረም ይሆናል። በስልክ አንተ ሁልጊዜ ቸኩለህ ነው። «እሺ እህቴ፣ እሺ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ትላለህ፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሳላወጣው መስመሩ ይዘጋል። ወረቀት ግን አይዘጋብኝም። ፊደል ከቆጠርኩ አራት ዓመቴ እንደሆነ ታውቃለህ። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ፣ ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ጉልበታችን እየተንቋቋ ከእኔ ብጤዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሬ ነው የተማርኩት። አባታችን «ሁለቱን ማስተማር አልችልም፣ ወንዱ ይማር» ባለ ጊዜ ቦርሳህን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ተሸክሜ ባዶ እጄን የምመለሰው እኔ ነበርኩ። ይህን የማነሳው ልወቅስህ አይደለም። አይ፣ ልዋሽ አልፈልግም፤ ልወቅስህም ነው። ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው።

ዋናው ጉዳዬ መኪናዋ ናት። ትተህልኝ ስትሄድ «ወረቀቷ በስሜ ቢሆንም ያንቺው ናት» አልከኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉን የቆሸሸ አንሶላና ጋዋን ከዳገቱ አውርዳ፣ የታጠበውን ዳገቱን አውጥታ፣ እኔንና ሁለት አጣቢ ሴቶችን ከነቤተሰቦቻችን አኑራለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውለህ «ሾፌሩ መኪናዋ አበቃላት ብሎኛል፣ ገዢ አግኝቻለሁ፣ በወሩ መጨረሻ ይረከባታል» አልከኝ። ስምህ ስላለበት መሸጥ ትችላለህ። እሷ ከተሸጠች ግን የሆስፒታሉ ሥራ ከእጄ ይወጣል፤ ያን ሁሉ ጨርቅ በጀርባችን ዳገት ልናወጣው አንችልም። ያን ቀን ልነግርህ የሚገባኝ ነገር ነበር። አፌን ከፍቼ «እሺ» ብቻ ወጣኝ። ዕድሜህን ሙሉ አንተን ስገሥጽ የኖርኩ ሴት ስለሆንኩ፣ የእኔን ጥፋት ላንተ መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ከመሸጥህ በፊት ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብበው። ብዙው ለእኔም ገና አልገባኝም፤ አንተ ከገባህ ታስረዳኛለህ።

ነገሩ የጀመረው ዝናቡ ሊያቆም ሲል ነው። ከመሪው ኋላ ካሉት መብራቶች አንዷ፣ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫዋ፣ በራች። ሾፌራችንን አይቸኩሌን ታውቀዋለህ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳን የጫማውን ክር አስሮ ነው የሚወጣው። መብራቷን አይቶ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥቁር ፕላስተር ቆርጦ ለጠፈባት። ከጎኑ ተቀምጬ ይህ ምንድነው ብዬ ስጠይቀው፣ እርስዎን እንዳታስጨንቅዎት ብዬ ነው እትዬ፣ ካላየናት የለችም አለኝ። ፕላስተሩን ልጬ ጣልኩት። መብራቷ እንደ ድመት ዓይን አፈጠጠችብኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ባለ ኮምፒውተሩ ጋ ነው፤ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ እንኳን የማይታይበት ሱቅ ያለው ጎረምሳ ነው። ከመሪው ሥር ገመድ ሰካ፣ በእጁ የያዛትን ሰሌዳ አየ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ ፈረደ። «ማዘር፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል። ሁለቱንም ቀይሪ» አለኝ። ማዘር የሚለኝ ወልጄው አይደለም። ኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት። የሞተሩ ጭስ በሚወጣበት ቧንቧ ላይ የተተከለች፣ ጣት የምታህል ብረት ናት አለኝ፤ የሚወጣውን ጭስ እየቀመሰች ቤንዚኑ በዛ፣ ቤንዚኑ አነሰ ብላ ለሞተሩ ታሳብቃለች። አፍንጫ ናት በለኛ አልኩት። አዎ፣ አፍንጫ በያት፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ ሁለት አላት አለኝ። በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ በአንድ አፍንጫ የኖርኩ ሴት፣ መኪናዬ ሁለት እንዳላት ያን ቀን ሰማሁ። ለምን ዛሬ ትቀየራለች፣ ለምን የዛሬ ሦስት ወር አይሆንም ስለው «አርጅታለቻ» አለኝ። በእርጅና የሚቀየር ከሆነ እኔስ እስከ ዛሬ ለምን ቆምኩ?

ልቤ ስላልተቀበለው ጆሮ ጋ ወሰድናት። ጆሮ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ሽማግሌ መካኒክ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያደርግና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሕፃን እንደሚያዳምጥ ሐኪም ያዳምጣል፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ባለ ኮምፒውተሩ ያለውን ስነግረው ሳቀ። «ኮምፒውተር ያለቀሰውን ይነግርሻል እንጂ የመታውን አይነግርሽም» አለኝ። ሴንሰሯ የምታለቅሰው ራሷ ታማ ሊሆን ይችላል፤ ገመዷ ተልጦም ሊሆን ይችላል፤ ከእሷ በፊት ያለው ቧንቧ ተበስቶ የውጭ አየር እየገባባትም ሊሆን ይችላል። የውጭ አየር ከገባባት ቤንዚን አነሰ ብላ ትሳሳታለች፣ ሞተሩም አምኗት ይጨምራል አለኝ። እውነትም ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ተበስቶ ተገኘ። ደፈነው፤ መብራቷም ጠፋች። ባለ ኮምፒውተሩን በልቤ ስረግመው ሰነበትኩ። ሁለት ሳምንት ሲሆናት ተመልሳ በራች። አሁን ማንን ልርገም?

ተመልሰን ሄድን። እንግዲህ ዕድሜዋ ይሆናል አለ ጆሮ፤ ይቺ ዓይነቷ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ካለፋት እየደከመች ትሄዳለች፣ ያንቺዋ ስንት ሠርታለች? እኔ አይቸኩሌን አየሁት፣ አይቸኩሌ ጣሪያውን አየ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ የቆመችው አንተ እዚህ እያለህ ነው፤ «መኪናን ቆጣሪ አይነዳትም» ብለህ ሳታሠራት ሄድክ። ታዲያ ዕድሜዋን ማን ይንገረን? ጆሮም ዛሬ ብትቀየር አይከፋም፣ ጥቂት ወርም ልትቆይ ትችላለች፣ ወሳኟ አንቺ ነሽ አለኝ። መልስ ፍለጋ ሄጄ ጥያቄ ተሸክሜ ተመለስኩ። አንተ ጋ ደወልኩ፤ «ቀይሪያት» አልከኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሜ ብደውል «ለአሮጌ መኪና አዲስ ዕቃ አይገዛም፣ ተያት» አልከኝ። ሁለቱንም ያልከው አንተ ነህ፤ እኔ አልጨመርኩበትም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እኔ የማገባትም ጠፋችኝ።

በዚህ መሐል በሩ ትዝ አለኝ። የማጠቢያ ቤቱን የኋላ በር ማለቴ ነው፣ ከውስጥ በኩል በከሰል የሞነጨርኩበትን፣ አንተ የዶሮ ጭረት እያልክ የምትስቅበትን። ፊደል ሳላውቅ ጀምሬው እስከ ዛሬ አልተውኩትም። ቤንዚን በተሞላ ቁጥር አንድ ረጅም መስመር፣ መኪናዋ ሆስፒታል ደርሳ በተመለሰች ቁጥር አንድ ነጥብ። ቤንዚኑን መኪናዋ ትጠጣው ሌላ ሰው ይጠጣው የማውቅበት ሌላ ዘዴ አልነበረኝም። ተቀምጬ ቆጠርኩ። አምናና ካቻምና በሁለት መስመር መካከል አሥራ አንድ ነጥብ ነበር፤ አንዳንዴም አሥራ ሁለት። ከዚያ አሥር ሆነ፣ ከዚያ ዘጠኝ። መጨረሻ ላይ ስምንት ብቻ። አሥሩ የጀመረው ደግሞ ቢጫዋ ከመብራቷ ከብዙ ወር በፊት ነው።

ጆሮን ጠርቼ አሳየሁት። ኮፍያውን አውልቆ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ከዚያ ዞር ብሎ «አንቺ ሴት፣ ይህን የመሰለ መዝገብ ያለው ባለ መኪና እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም» አለኝ። አፍንጫዋ አልሞተችም፣ ሰንፋለች፤ የሸተታትን ዘግይታ ነው የምትናገረው፤ ስንፍናዋም የጀመረው እዚህ ጋ ነው ብሎ አሥሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። ለአይቸኩሌም፣ ይቺ ሴት ከኮምፒውተሩ ቀድማ አውቃለች አለው። ወንድሜ፣ አወቅሽ የሚለኝ ሰው ሲገኝ በሕይወቴ ያ የመጀመሪያው ነው። አንተም ብለኸኝ አታውቅም። ልቤ አበጠ። በኋላ ለመጣው ሁሉ መነሻው ያ እብጠት ነው።

ማክሰኞ ዕለት የፊተኛዋን ሴንሰር ፈትቶ አሳየኝ። ጫፏ እንደ ምድጃ አፍ ጠቁሯል። አዲስ ልዘዝልሽ ወይስ ትቆይ አለኝ። እስከ ሐሙስ ላስብበት አልኩት። ወደ ሆስፒታሉ የምንመላለሰው ሰኞና ዓርብ፣ በቀን ሦስት ሦስት ጊዜ፣ ስለሆነ መኪናዋ እስከዚያ እሱ ጋ ቆመች። ሴንሰሯንም እዚሁ ተያት ሲለኝ ግን እምቢ አልኩ። ጋራዥ ውስጥ ደህናው በአሮጌ ሲለወጥ ስንቱን ሰምቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ማጠቢያ ቤት ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየኋት። ዞሬም አየኋት። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ጥቁር ነገር አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም። ደም የደረቀበትን ጋዋን፣ አዮዲን የፈሰሰበትን አንሶላ፣ ሌላው አጣቢ አይለቅም ብሎ የመለሰውን አስለቅቄያለሁ። ይቺ የጠቆረችው በጥላሸት ነው። ጥላሸት ዕድፍ ነው። ዕድፍ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። አፍንጫ ቢደፈን ይታጠባል እንጂ ይቆረጣል እንዴ? ስለዚህ አጠብኳት። ሙቅ ውሃ ውስጥ በዱቄት ሳሙና ዘፈዘፍኳት። ለስለስ ሲልላት ጫፏ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ፈገፈግኳቸው። አልለቅ ያለኝን ግማሽ ቀን በረኪና ውስጥ አቆየሁት። ሦስት ጊዜ አለቀለቅኳት። ከዚያ በገዛ ገመዷ አንጠልጥዬ፣ ከሐኪሞቹ ጋዋን ጎን፣ በመቆንጠጫ ማስጫው ላይ ሰቀልኳት። ሁለቱ አጣቢዎች ምንድነው ብለው ጠየቁኝ። የመኪና አፍንጫ ነው ስላቸው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። እኔ ግን ፀሐይ ላይ ብር መስላ ስታብረቀርቅ ሳይ አንተንም፣ ባለ ኮምፒውተሩንም፣ አባታችንንም ጭምር የረታሁ መሰለኝ።

ሐሙስ ይዣት ሄድኩ። ጆሮ ተቀብሎ አገላበጣትና ምን አደረግሻት አለኝ። በደረቅ ጨርቅ ወለወልኳት አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ዘዴዬን እንዳይወስድብኝ ነው። ምናልባትም ልቤ ውስጥ አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር። አዲሷን አትዘዝ፣ ይቺ ትሠራለች፣ ጊዜዋ ገና ነው አልኩት። ዓይኑ ተጠራጠረ፤ ግን በሩን በነጥብ የሞላች ሴት ናት ብሎ አመነኝና ገጠማት።

ዓርብ ጠዋት ስልሳ አንሶላ ጭነን ዳገቱን ስንጀምር መብራቷ መብራት ብቻ ሳይሆን ትርገበገብ ጀመር። ከኋላችን ጥቁር ጭስ ወጣ፤ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሞላን። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሁለት ጊዜ አስላ ቀጥ አለች። አይቸኩሌ አስነሣት፣ እንደገና ጠፋች። የሆስፒታሉን የልብስ ክፍል የምትይዘውን ሴት ቆጣሪዋ እንላታለን፤ አንሶላውን አንድ በአንድ ሳትቆጥር አትፈርምም፣ ሰዓት ካለፈም ይቅርታ አታውቅም። ስለዚህ ጥቅሎቹን ትከሻችን ላይ አደረግን። አይቸኩሌ ሲሮጥ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ኮቱን ጥሎ፣ የአንደኛው ጫማው ክር ተፈትቶ፣ አራት ጊዜ ወጣ ወረደ። ስንደርስ አንዲት አሮጊት ታማሚ ባዶ የፕላስቲክ ፍራሽ ላይ ሹራቧን አንጥፋ በጎኗ ተኝታለች። የእኔን አንሶላ ነበር የምትጠብቀው። ቆጣሪዋ አልጮኸችብኝም። «አንድ ጊዜ በማንም ይደርሳል። ሁለተኛ ከሆነ ግን ሌላ አጣቢ አለ» አለችኝና ቆጠራዋን ቀጠለች። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

አይቸኩሌ ላንተ የደወለው ከዚያው ዳገት ላይ ሆኖ ነው። አበቃላት ያለህ ተንኮል አስቦ አይደለም፤ ያየውን ነው የነገረህ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። መኪናዋ ተጎትታ ጆሮ ጋ ገባች፤ ጆሮም በራሱ ላይ ፈረደ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለ። የዓርብን ቀሪ ቀን፣ ቅዳሜንም፣ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ ገመዱን ሁሉ ፈተሸ። የደፈነውን ቧንቧ ከፍቶ መልሶ ደፈነው። ካንዴላዎቹን አውጥቶ አየ። ባለ ኮምፒውተሩ ወሬ ሰምቶ መጣና እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ፤ «ፋዘር፣ እኔ መጀመሪያውኑ ብዬ ነበር» ብሎት ሄደ። እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከሥር ወጥቶ ካቻቢቴውን እየጠረገ «እህቴ፣ ጆሮዬ ደክሟል መሰለኝ። የሚለኝን መስማት አቃተኝ። ሥራውን ልተወው ነው» አለኝ። ዝም አይነቅዝም ሲሉ እሰማ ነበር። የእኔ ዝምታ ያን ጊዜ ነቀዘ።

አጥቤያታለሁ አልኩት። ማንን አለኝ። አፍንጫዋን፤ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና፣ በብሩሽ። በረኪናም አለበት አልኩት። ገመድ ላይም ሰቅያታለሁ። ሴንሰሯን ፈትቶ አወጣና አሸተታት። ውስጧ ያለው ነገር እንደ ስስ ሸክላ ነው፣ በረኪና ከጠጣማ ምን ሊናገር አለና ተወው። ከዚያ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት…» ብሎ ጀመረና ክብሬን አስቦ አፉን ያዘ። እኔው ጨረስኩለት። «የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አልኩት። ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ የእኔ እንባ ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም። የተረቷ ሴት መጽሐፉን ያጠበችው ማንበብ ስላልቻለች ነው። እኔ ያጠብኩት ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ነው። ይህን ምን ይሉታል?

ሰኞ ገና በጠዋቱ አዲሷ መጣች። የፊተኛዋን ብቻ ቀየርን። የኋለኛዋ ጭስ ማጣሪያው መሥራት አለመሥራቱን የምትታዘብ ናት እንጂ ሞተሩን አታዝም፣ እሷ ትቆይ ይላል ጆሮ። ባለ ኮምፒውተሩ ደግሞ አብረው ካረጁ አብረው ይቀየሩ ይላል። አንዱ ሲናገር እሱ ልክ ነው፤ ሌላው ሲናገር ደግሞ እሱ ልክ ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ የማንኛቸውም ልክ ከእኔ ጋር አይመጣም። ብቻ ከዚያ ወዲህ መብራቷ አልበራችም። ዳገቱንም በአንድ ትንፋሽ ትወጣዋለች። ቆጣሪዋም አንድም ቀን ሰዓቷን አላየችብኝም።

ግራ የሚያጋባኝ፣ ታዲያ መቼ ነበር መቀየር የነበረባት? ገደልኳት ወይስ ስትሞት ደረስኩባት ብዬ ጆሮን ብጠይቀው ሁለቱም አለኝ። እንዴት ሁለቱም ይሆናል? «አንቺ አንሶላ የምትጥይው መቼ ነው?» አለኝ። ወደ ብርሃን ይዤ አያለሁ፣ ጣቴ ማዶ ከታየኝ ሳይቀደድ አወጣዋለሁ አልኩት፤ አንሶላ የሚቀደደው ማስጫው ላይ ሆኖ አይደለም፣ ታማሚ ሲገላበጥበት ነውና። «በቃ፣ ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም ወንድሜ። አንሶላ ብርሃን ላይ ይያዛል። ይቺ ግን ጥቁር ሆና ትሠራ ነበር፣ ስትነጣ ሞተች። እኔ ነጭ ማለት ደህና ማለት ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን በምን ልለይ? ጆሮ በበሩ ነው ይላል። ነጥቡ አሥር ሲሆን ጠርጥሪ፣ ዘጠኝ ሲሆን እዘዢ፣ ስምንትን አትጠብቂ አለኝ። በሩ ላይ በፊደል ጻፍኩት፤ እዚያ በር ላይ ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ጽፌ ሳበቃ ግን ምን ሆነ መሰለህ? አዲሷ ከገባች በኋላ የመጀመሪያው ሙሉ ቤንዚን አሥር ነጥብ ላይ አለቀ። እንግዲህ አዲሷንም ልጠርጥር? ጆሮ ዳገቱ ላይ የወጣው ጥቁር ጭስ ማጣሪያውን ትንሽ ጎድቶት ይሆናል፣ ወይም ገና እየለመደች ነው ይላል። አይቸኩሌ ደግሞ ያን ሰሞን ቤንዚኑን ሲሞሉልን አጉድለው ነው ይላል። ማንን ልመን?

ብቻ አንድ ነገር አውቃለሁ። መኪናዋ አላበቃላትም። ያበቃላት ያስመሰልኳት እኔ ነኝ። መሸጥ ካለብህ በእርጅናዋ ሽጣት፤ በእኔ በረኪና ግን አትሽጣት። አንተን ማዘዝ እንጂ መለመን አልለመድኩም፤ ዛሬ ግን እለምንሃለሁ። ገዢህን ሁለት መስመር ያህል አቆየው። ነጥቡ አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ ትቆይልን። ስምንት ከሆነ ቁልፉን እኔው ራሴ አስረክበዋለሁ፤ ሽንጤን ገትሬ አልሟገትህም።

ደብዳቤውን ይዛልህ በምትመጣው ነርስ እጅ ሴንሰሯንም በትራስ ልብስ ቁራጭ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ። አገላብጠህ እያት። አንድ እንከን አታገኝባትም። ጽድት ያለች ናት። እንዲህ ጽድት ብላ መሞቷን ካየሁ በኋላ ነው እኔ ስላንተ ማሰብ የጀመርኩት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ «ደህና ነኝ» ትለኛለህ፣ ድምፅህም ጽድት ያለ ነው። ሳልህን ስሰማ ግን ምን ሆነህ ነው ብዬ ሳልጠይቅህ ወደ መኪናዋ ወሬ አለፍኩ። አይቸኩሌን ፕላስተር ለጠፍክ ብዬ ስቆጣ፣ እኔም የለጠፍኩት ነበረኝ። ስለ መኪናዋ የፈቀድከውን ወስን። ስለ ራስህ ግን ሐኪም ዘንድ ሄደህ ያለህን፣ በእጅህ ጻፍልኝ። በስልክ አይሁን። ማንበብ እችላለሁ።

ባለቤትህን፣ ጉልበቷን በሞቀ ጨርቅ ትያዘው፣ እኔም አልረሳኋትም በልልኝ። ትልቋን፣ አክስትሽ አንድ ገጽ ብትጽፊላት ስህተትሽን አርማ ትመልስልሻለች በላት። ትንሹን ጫማውን እንዳቀያየረ ሳምልኝ፣ አትቆጣው። ሁለቱ አጣቢዎች ሰላም ይሉሃል፤ አንደኛዋ አፍንጫሽን ካልያዝሽ እትዬ ታጥብብሻለች እያለች ታስቀኛለች። አይቸኩሌ ቸኩሎ ስለደወለ ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሎኛል፤ ሲቸኩል ሁለተኛው ነው። ጆሮ ሥራውን አልተወም፤ ወንድምሽን አላውቀውም፣ ግን ሳሉን ባዳምጥለት ደስ ይለኛል ብሏል።

ይህን ጽፌ ላሽገው ስል አይቸኩሌ ከሆስፒታሉ ተመለሰ። አዲሷ ከገባች በኋላ ካሰመርኩት ከሁለተኛው መስመር ወዲህ አሥራ አንደኛዋን ነጥብ አደረግኩ፤ ቤንዚኑም ገና አላለቀም። ልመን አልመን አላውቅም፤ ብቻ ነጥቧን ከሌሎቹ ትንሽ አደመቅኳት።

እህትህ
ከማጠቢያ ቤቱ፣ ከኋላው በር አጠገብ
ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን